ባዶውን ማን ሞላው

ሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ቤርሳቤህ ላይ ነፋስ፣
አሸዋው መስኮቱን በጥፍሩ ሲዳብስ፣
ስክሪኔ ላይ ስድስት ፊት።
ሺገሩ ከኦሳካ ቁርሱን ያላምጣል፤
ዝደንካ ከብርኖ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባለች፤
ኒትዛን ከሃይፋ፣ ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቷል።
ኮዱ የማንም ነው፣ ማንም ሊያርመው የተተወ፣
ሺህ ማሽን በደመና ላይ የሚያሰማራ።
የምንጨቃጨቀው ግን ስለ አንዲት ቃል ነው፦
አዲስ ማሽን ሲወለድ
ባለቤቱ ስለ በሩ ምንም ሳይል ከቀረ፣
በሩ ክፍት ይደር ወይስ ዝግ?

ነባሪ ይሉታል ስሙን በእኛ አፍ፣
ማንም ሳይመርጠው በሁሉ ቤት ደጃፍ
ወንበር ዘርግቶ ዳኝነት የያዘ፣
ዝም ያለውን ሁሉ «ፈቅዷል» ብሎ ያዘዘ።

«ይዘጋ» አለ ኒትዛን፣ ልጁ እንዳይነቃ በሹክሹክታ።
«ዘጠኝ ዓመት ክፍት ነበር» አለች ዝደንካ፤
«ዛሬ ብንዘጋው ነገ የስንቱ ሆስፒታል መዝገብ ደጅ ይቀራል?
ዝም ያሉት እኮ እሺም እምቢም አላሉም፤
ያለውን አምነው ተኙ።»
«ሰነዱ ላይ ጽፈነዋል» አለ ሺገሩ እያላመጠ።
ሳቅን። ሰነድ ማን ያነባል?

እኔ ማይኬ ዝግ ነው። ስገባ ዝግ ነበር፣
ማን እንደዘጋው አላውቅም።

አባቴ ጣሰው በዚህች ሰዓት
ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ቦርሳ ይፈትሻል።
የኔንም። ልጁ መሆኔን እያወቀ
«ክፈቺ» ይላል፣
በባትሪ ምሳ ዕቃዬን አገላብጦ ያያል፣
«እለፊ» ይላል። ከዚያ ነው የሚስመኝ።

መታወቂያው ላይ፣ የልደት ቀን በሚለው ትይዩ፣
ዜሮ ዜሮ፣ ነጥብ፣
ዜሮ ዜሮ፣ ነጥብ፣
ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን።
ጠረጴዛው ኋላ የነበረችው ጸሐፊ ጠይቃው ነበር፤
እሱም ነግሯታል፦
«ገብሱ እሸት ሲይዝ፣
አንገረብ ሞልቶ የአጎቴን በቅሎ በወሰደ
በሦስተኛው ቀን፣ ሰንበት ሊገባ ሲል።»
አስተርጓሚው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አሳጠረው፦
«አያውቅም።»
ክፉ ሴት አልነበረችም። ወረፋው ረዥም ነበር፤
ቅጹም በቅሎ አያውቅም።
ለሌሎቹ ጃንዋሪ አንድን ጻፈችላቸው፤
እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሽማግሌ ግማሹ
በአንድ ሌሊት ያረጃል።

ማይኬን ከፈትኩ።
«ነባሪ የሚባል አይኑር» አልኩ። «ይጠየቅ።
ባዶ ከሆነ ማሽኑ አይነሳ፣
ሰው መጥቶ እስኪመልስ ይጠብቅ።»
ጸጥ አሉ። የሺገሩ ማንኪያ ብቻ።
«ስንጠይቃቸው» አለ ኒትዛን ቀስ ብሎ፣
«ሳያነቡ ‹እሺ›ን ተጭነው ያልፋሉ።
ደግሞ አስቢው፣ አሥር ሺህ ማሽን
መልስ ሲጠብቅ... ወረፋውስ?»

ወረፋው።
መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

አራት ለሁለት ተሸነፍን፤
ሁለተኛዋ ዝደንካ ናት፣ በሌላ ምክንያት።
አዲሶቹ ዝግ፣ የቆዩት እንደቆዩ፣
በመሀል አንድ ቢጫ ማስጠንቀቂያ።
ማስታወቂያውን እንድጽፍ ለኔ ጣሉልኝ፦
«ከእንግዲህ ዝም ካላችሁ በሩ ይዘጋል።»
አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት።
ከኮዱ በላይ ግን፣ ማሽኑ በማያነባት መስመር፣
አንዲት ነገር ጨመርኩ፦
«ይህን የመረጥነው እኛ ነን»፤
ከሥሯም የስድስታችንን ስም፣
ቀኑን፣
ነፋስ እንደነበረም።

ሲነጋ ለአባቴ ሻይ ወሰድኩለት።
«ክፈቺ» አለ። ላፕቶፑን አየው።
«ምን አለበት?»
«በር» አልኩት።
በባትሪው አገላብጦ አየና
«እለፊ» አለኝ።
ዛሬ ሳይስመኝ ቀረ፤
ከኋላዬ ወረፋ ነበር።